የሚመለከተው ካለ ይነሣ

ማስታወቂያው የደረሰው በ2061 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና ከመስኮቱ መስታወት አልለቀቀም። ማኅደር መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የአንድ ተማሪ ሱሪ ታሳጥራለች። ረድኤት የሚያማትን ጉልበቷን በጋቢ ጠቅልላ ስልኳን ታያለች።

"ስሚ እስቲ ይሄን" አለች ረድኤት፤ አነበበችላትም። "ሕንፃ 14፣ ቤት ቁጥር 31። የቤትዎ ሁኔታ በሰፈሩ የአኗኗር ደረጃ መሠረት አልተገለጸም። እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲገልጹ በትሕትና እንጠይቃለን።"

"የቤታችን ሁኔታ ምንድን ነው?"

"ሁለት አሮጊትና አንድ የስፌት መኪና። ምኑ ይገለጻል?"

ማኅደር ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሱሪውን አጥፋ አስቀመጠች። ረድኤት ስትቀልድ አብዛኛውን ጊዜ ትስቅላት ነበር። ያን ቀን አልሳቀችም።

ማኅደር ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ለሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ዝምተኛ ናት፤ ደንበኞቿ የሚወዷትም ለዚሁ ነው። ረድኤት በሁለት ዓመት ትበልጣታለች። ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድታ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ጡረታ ወጣች። ሰፈሩ ውስጥ በእሷ አውቶቡስ ያልተሳፈረ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ማኅደርም ያወቀቻት እዚያው ነው። አንድ ክረምት ዝናቡ ሲበረታ ረድኤት ባዶውን አውቶቡስ መጨረሻው ፌርማታ ላይ አቁማ፣ "ዝናቡ እስኪያባራ አላወርድሽም፤ ቁጭ በይ" አለቻት። ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል።

ሰፈሩ "እህትማማቾቹ" ይላቸዋል። እህትማማቾች እንዳልሆኑ የማያውቅ አልነበረም፤ የሚጠይቅም አልነበረም። ራሳቸውም ለነገሩ ስም አላወጡለትም። ባልና ሚስት እንደሚዋደዱት ይዋደዳሉ። ማኅደር ይህን በልቧ ታውቀዋለች፤ በአፏ ግን ለረድኤት እንኳ ብላው አታውቅም። ሁለት አልጋ አላቸው። አንደኛው የሚነጠፈው ለእንግዳ ዓይን ነው።

እነሱ ልጆች ሳሉ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ የሚደረገው ክርክር የሌላ አገር ወሬ ነበር። ሰው በስልኩ ያየዋል፣ ይቆጣል ወይ ይስቃል፣ ያልፈዋል። ከዚያ ቀስ እያለ እዚሁ ገባ። እንዲህ ያለ ጋብቻ ይፈቀድልን ብሎ አደባባይ የወጣ ሰው አልነበረም፤ ሕጉም ድሮውንም አይፈቅድም። ክርክሩ ግን በየምርጫው እየጎላ መጣ። ተወዳዳሪው ሁሉ ጋብቻን ከሌላው ይበልጥ እንደሚጠብቅ ለማሳየት ይሽቀዳደም ጀመር። ጋብቻውን ጠብቀው ሲጨርሱ ቤቱን ወደ መጠበቅ ዞሩ። በ2050ዎቹ አጋማሽ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን የአኗኗር ደረጃ በድምፅ እንዲያወጣ ተፈቀደለት። አሁን በየሦስት ወሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አባወራውና እማወራው አዳራሽ ይሰበሰባል። የአዳራሹ ድምፅ በየቤቱ ይሰማል። ማጥፊያ የለውም።

በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት አቶ ዳግማዊ መጡ። የዕድሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ የአዳራሹንም ስብሰባ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው፣ ለብዙ ሰው ደግ የዋሉ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ረድኤት ጉልበቷን የታከመች ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል የተመላለሱት እሳቸው ነበሩ።

"አትደንግጡ" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "ቅጹ አራት ምድብ ነው ያለው። ሀ ዘመድ ነው። ለ አሠሪና ሠራተኛ። ሐ ባለቤትና ተከራይ፤ እሱ ከስድስት ወር አያልፍም። መ ሌላ ይላል።"

"ዘመድ ነን እንላለና" አለች ማኅደር።

"ዘመድ ለመባል ለምርመራ ደም ይሰጣል፣ እህቴ።"

"እንግዲያው ሌላ ነን" አለች ረድኤት።

አቶ ዳግማዊ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "የሕንፃ 9ኞቹን ታስታውሻለሽ?"

ሁለቱም ያስታውሷቸዋል። ዳቦ ቤት የነበራቸው ሁለት ጎልማሶች ነበሩ። መ ብለው ሞሉ። መ የሞላ ቤት፣ መደበኛው ስብሰባ ሳይጠበቅ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ በአዳራሽ ክርክር ይቀርብበታል። ሰፈሩ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ስለእነሱ ተወያየ፤ መብራት በስንት ሰዓት እንደሚያጠፉ፣ ማን እንደሚያበስል፣ ማን ለማን ልብስ እንደሚያጥብ። የሰደባቸው የለም፣ የመታቸው የለም። ተናጋሪዎቹ ሁሉ "ወንድሞቻችን" እያሉ ነበር የሚጀምሩት። በአራተኛው ቅዳሜ ቤቱ ባዶ ነበር።

"እኔ እናንተን ለዚያ አሳልፌ አልሰጥም" አሉ አቶ ዳግማዊ። "ምን እንደሆናችሁ አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም። ለ ብላችሁ ሙሉ። አንዳችሁ የአንዳችሁ ሠራተኛ ሁኑ። ሠራተኛ ያለው ቤት ማንም ጥያቄ አያነሣበትም።"

ረድኤት ከት ብላ ሳቀች። "ማንኛችን ነን ሠራተኛዋ?"

 ቤቱ በማኅደር ስም ነው። ረድኤት ሁለቱን አየቻቸውና ሳቋ ቀስ ብሎ ከፊቷ ወረደ።

*

የመዘገባቸው ያፌት የሚባል የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። ሠላሳ ያልሞላው፣ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው፤ ሁለቱንም "እርስዎ" ይላል። ሳሎን፣ ወጥ ቤትና ትንሿ ክፍል ውስጥ የልብስ ቁልፍ የሚያካክሉ ሦስት ነጭ ማዳመጫዎች ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

"ለሠራተኛዋ ደህንነት ነው" አለ። "ድሮ የቤት ሠራተኞች ይሰደቡ ነበር፣ ይመቱ ነበር። አሁን ቤቱ ራሱ ይሰማል። እርስዎ ሲጠሯት በስሟ ይጥሯት፤ እሷም እንደ ደንቡ እርስዎን 'እትዬ' ትላለች። ድምፃችሁ ከውሉ ጋር ካልተስማማ ጥያቄ ይከፈታል።"

"ከውሉ ጋር ካልተስማማ ማለት?" አለች ማኅደር።

"መቼም በቤት ሠራተኛና በአሠሪ መካከል የሚሰማ የአነጋገር ወግ አለ አይደል? ከዚያ ከወጣ ማለት ነው።"

ደንቡ ረጅም አልነበረም። ሠራተኛዋ በራሷ ክፍል ትተኛለች። ምግቧን ከአሠሪዋ ማዕድ ለይታ ትበላለች። እሑድ ከሰዓት ዕረፍቷ ስለሆነ ከቤት ትወጣለች፤ አሠሪዋ በዕረፍት ቀን ከእሷ ጋር ከታየች ያለ ዕረፍት እንዳሠራቻት ይቆጠራል። ሠራተኛ እማወራ ስላልሆነች አዳራሽ አትገባም። ረድኤት ሁሉንም አንብባ ፈረመች። ያፌት እንደወጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ቀና ብላ ነጩን ማዳመጫ አየችና አፏን መልሳ ዘጋች።

"ምሳ ላቅርብ፣ እትዬ?" አለች ቆይታ።

ማኅደር አንገቷን ነቀነቀች። ምሳውን ረድኤት አቀረበችላትና የራሷን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። በግድግዳው ማዶ ለማዶ ሆነው በሉ። ማኅደር የረድኤት ማንኪያ ሳህኑን ሲነካ ይሰማት ነበር።

የቀራቸው ነፃ ቦታ የሕንፃው መወጣጫ ደረጃ ነው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው አርባ ስምንት እርከን አለው፤ ማዳመጫ የለበትም። በየጠዋቱ አብረው አትክልት ለመግዛት ይወርዳሉ፤ አሠሪና ሠራተኛ ገበያ አብረው ቢሄዱ አያስጠይቅም። ሲመለሱ ረድኤት ጉልበቷን ይዛ በየሦስት እርከኑ ትቆማለች። ሕመሙ እውነት ነበር፤ መቆሙ ግን ከሕመሙ በላይ ነበር።

"እንዴት አደርሽ?" ትላታለች እዚያ።

"አልተኛሁም። አንቺስ?"

"የእንግዳ አልጋ ይሄን ያህል ጎርባጣ መሆኑን እያወቅሽ ነው ሃያ ዓመት እንግዳ ላይ የፈረድሽው?"

በዚያ ደረጃ ላይ ይሳሳቁ ነበር። የታች ቤት በር ሲከፈት ረድኤት ዘንቢሉን ከማኅደር እጅ ትወስዳለች። በሩ ሲዘጋ ማኅደር መልሳ ትቀበላታለች። ከታች እስከ ላይ ሃያ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ የቀኑ ኑሯቸው እሱ ነበር።

የእሑዱ ከሰዓት ግን የባሰ ነበር። ረድኤት መውጣት ስላለባት ትወጣለች። የምትሄድበት ዘመድ ከተማው ውስጥ የላትም። አውቶቡስ ተሳፍራ መስመሩን ዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ትዞራለች፤ ድሮ ስትነዳ የኖረችበትን መንገድ ከኋላ ወንበር ታየዋለች። ማኅደር መስኮቱ ላይ ሆና አውቶቡሱ ሲያልፍ ትጠብቃለች። ሁለት ጊዜ ያልፋል። ረድኤት በስተቀኝ በኩል ትቀመጣለች፤ እጇን ግን አታነሣም።

*

ክፉው ነገር ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ መለመዱ ነው። ማኅደር ያወቀችው በሚያዝያ ነው። ወይዘሮ ሶስና የምትባል ደንበኛዋ የልጅ ልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ መጣች። ሶስናና ማኅደር ዕድሜያቸው አንድ ነው፤ የሶስናን ልጅ የሠርግ ቀሚስ የሰፋችው ማኅደር ናት። ረድኤት ሻይ አቅርባ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ሁለቱ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ልጁ ቁመት፣ ስለ ብርዱ ሲያወሩ ቆመች። ማኅደር ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ዞር ብላም ሳታያት፣ "ስትወጪ በሩን ገጠም አድርጊው" አለቻት።

ሶስና ከሄደች በኋላ ነው ነገሩ የከነከናት። ቃሉን ለማዳመጫው ብላ አልነበረም የተናገረችው። ለሶስናም ብላ አልነበረም። ራሱ መጥቶ ነው የወጣው።

በማግሥቱ ደረጃው ላይ፣ "ትናንት ለተናገርኩሽ..." ብላ ጀመረች።

"ምን ተናገሩኝ?" አለች ረድኤት። ከዚያ ራሷ ደነገጠች። ደረጃው ላይ ነበሩ፤ የሚሰማቸው አልነበረም፤ "እርስዎ" ግን ከአፏ ወጥቷል። ሁለቱም አሥራ አንደኛው እርከን ላይ ቆሙ። ረድኤት ፈገግ ለማለት ሞከረች። "አፌ እኮ ሥራ ለመደ" አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃውን ሲወጡ ዝም የሚሉበት ጊዜ በዛ።

*

ሐምሌ ላይ አንዲት ኤልዳና የምትባል የሕግ ባለሙያ አዲስ ሐሳብ ለአዳራሹ ማስገባቷ ተሰማ። ኤልዳና ባልና ሁለት ልጆች ያሏት የሕንፃ 6 ነዋሪ ናት። ሐሳቡ አጭር ነበር፦ "አብሮ ነዋሪ" የሚባል አምስተኛ ምድብ ይጨመር፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑ ሁለት ሰዎች ዝምድናቸውን ሳይጠየቁ አንድ ቤት ይኑሩ።

ሰፈሩ ወር ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ዳቦ ሰልፍ ላይ፣ ፀጉር ቤት፣ የትምህርት ቤት በር ላይ ወሬው ይኸው ነበር። የሚደግፉት፣ ሽማግሌ ብቻውን ከሚሞት ከጓደኛው ጋር ቢኖር ምን አለበት ይላሉ። የሚቃወሙት ምድቡ የኋላ በር ነው ይላሉ። በሁለቱም ወገን ያሉት ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ።

ከስብሰባው በፊት ባለው አርብ ረድኤት ደረጃው መካከል ላይ ቆመች። በዚያን ቀን "አንቺ" ለማለት ጥረት እያደረገች መሆኗን ማኅደር ከድምፅዋ አወቀች።

"ኤልዳናን አትክልት ተራ አግኝቻት ነበር። አርባ ድምፅ አለኝ፣ ስልሳ ያስፈልገኛል ብላለች። ሐሳቡ ለድምፅ የሚቀርበው ደግሞ የአኗኗር ደረጃው የጎዳው አንድ ቤት በአዳራሹ ከተነሣ ነው።"

"ማን ይነሣል?"

ረድኤት 'አንቺ ነሻ' በሚል ዓይነት አስተያየት አየቻት። 

"ብነሣ ከዚያ በኋላ ስለእኛ ነው የሚያወሩት" አለች ማኅደር። "እንደ ባለ ዳቦ ቤቶቹ።"

"ያወሩ ይሆናል። ላያወሩም ይችላሉ። እኔ ብችል ራሴ እነሣ ነበር፤ በር ላይ ይመልሱኛል።" ጉልበቷን አሻሸች። "ምንም ማለት የለብሽም። ቆመሽ 'ይኸው' ብትዪ ይበቃል። እኔ ቤት ሆኜ እሰማሻለሁ።"

"እሺ" አለች ማኅደር።

"እሺ?"

"አዎ። እነሣለሁ።"

ረድኤት በዚያ ደረጃ ላይ እጇን ያዘቻት። ሁለት እርከን እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ፤ ከዚያ በር ተከፈተና ተላቀቁ።

*

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አቶ ዳግማዊ ከፊት ተቀምጠዋል። ማኅደር ከመካከለኛው ረድፍ ተቀመጠች፤ ሶስና አጠገቧ ቦታ ይዛላት ነበር።

ኤልዳና ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች። "ጋብቻ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ሕጉ መልሷል፤ እኔ እሱን ልነካ አልመጣሁም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው በራሱ ቤት ከማን ጋር እንደሚበላ የመንገር ግዴታ አለበት ወይ? ዛሬ የእነሱን ቤት ከገለጽን፣ ነገ የእኔን ቤት የማይጠይቀኝ ማነው?"

አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ ፋብሪካ የሚሠሩ ስድስት ሴቶች አንድ ክፍል እንደሚኖሩ፣ እነሱን ማንም ጠይቆ እንደማያውቅ ተናገረ። ጥቂት ሰው አጨበጨበ።

ከዚያ ሶስና ተነሣች። ለመናገር ያልለመደች ሰው ናት፤ የምትለውን ወረቀት ላይ ጽፋ ይዛ ነበር። "እኔ ማንንም አልጠላም" አለች። "ባሌ የሞተ ጊዜ ያቆመኝ ይህ ሰፈር ነው። ያቆመኝ ደግሞ እኔ ማን እንደሆንኩ፣ የማን ሚስት፣ የማን እናት እንደሆንኩ ስለሚያውቅ ነው። እኛ የምንተዋወቀው እንዲያ ነው። ስም የሌለው ኑሮ ስትፈቅዱ ልጆቻችን እኛን በምን ያውቁናል? ዛሬ አብሮ ነዋሪ እንላለን። አሥር ዓመት ቆይቶ ያንኑ ጋብቻ በሉት ይሉናል። የምፈራው እሱን ነው፤ ፍርሃቴን አትናቁብኝ።"

ብዙ ሰው አጨበጨበ። ሶስና ተቀምጣ የማኅደርን ክንድ ያዘች።  "ጥሩ ተናገርኩ?" አለቻት በሹክሹክታ። ማኅደር አንገቷን ነቀነቀች።

አቶ ዳግማዊ ሰዓታቸውን አዩ። "እንግዲህ እንደ ደንባችን" አሉ። "ይህ ደረጃ የጎዳው፣ ነገሩ የሚመለከተው ቤት ካለ ይነሣ። አንድ ደቂቃ እንጠብቃለን።"

አዳራሹ ጸጥ አለ። ማኅደር ሁለት እግሮቿን መሬት ላይ አስተካከለች። እንደምትነሣ እርግጠኛ ነበረች። ቀሚሷን ከጉልበቷ ላይ ሰብሰብ አደረገች። የሶስና እጅ አሁንም ክንዷ ላይ ነበር፤ ስትነሣ ያን እጅ ማንሣት ነበረባት። ብታነሣው ሶስና ቀና ብላ ታያታለች። የምታያት ግን በጥላቻ አይደለም፤ ምን ሆነሽ ነው በሚል፣ ገና ባልገባው ፊት ነው የምታያት። ከዚያ ቀስ እያለ ይገባታል። ማኅደር ያ ፊት ሲገባው ለማየት አቅም አጣች። ባለ ዳቦ ቤቶቹን አሰበች። አልጋዎቹን አሰበች፤ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሰው ሁሉ የሚያወራባቸው ሁለት አልጋዎች። አቶ ዳግማዊን አየች። እሳቸውም እያዩዋት ነበር፤ በትንሹ፣ ለሌላ ሰው በማይታይ ሁኔታ፣ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ክፋት አልነበረውም። ልጁ መንገድ ሊያቋርጥ ሲል እንደሚያስቆም አባት ነበሩ።

"ማንም አልተነሣም" አሉ። "ይመዝገብ። የሚመለከተው ቤት ስለሌለ ሐሳቡ ለድምፅ አይቀርብም።"

ኤልዳና ወረቀቷን ሰበሰበች።

ማኅደር ቤቷ ስትደርስ እራት ቀርቦ ነበር። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ። ረድኤት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

"ደህና መጡ፣ እትዬ።"

"ሰማሽ?"

"ሰምቻለሁ። ደቂቃዋ ረዘመች።"

ከዚያ በላይ የሚባል ነገር በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

*

እሑድ ጠዋት ደረጃው ላይ ረድኤት ቀድማ ቆመች።

"አልተቆጣሁሽም" አለች። "እኔ አንቺን ብሆን እነሣ ነበር ብዬ አልምልም። ግን ትናንት እዚያ ወጥ ቤት ቆሜ ዝምታውን ስሰማ፣ የምጠብቀው እትዬን ነበር። አንቺን አልነበረም። እትዬ ትነሣልኝ እንደሆን ነበር የምጠብቀው። ያኔ በቃኝ።"

"ጊዜ ስጪኝ።"

"ሰጠሁሽ፤ አሥር ቀን። ሠራተኛ ሥራ ልትለቅ ስትል በአሥር ቀን ታስታውቃለች ይላል። ለ ምድብ ውስጥ ያለኝ መብት እሱ ብቻ ነው፤ አሠሪዋ ልትከለክል አትችልም።" የምትሄደው አሰላ ነበር፤ የወንድሟ ልጅ እዚያ ትኖራለች። እዚያ አክስት ናት። ደም አላት። ምድቧ ሀ ይሆናል።

ማኅደር በማግሥቱ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ቤቴን ወደ መ መለወጥ እፈልጋለሁ አለችው ያፌትን። ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ለዚህ ራሷ ተገረመች። ቅዳሜ ያጣችው ድፍረት ሰኞ መጥቶላታል።

ያፌት ወንበር ሳበላት። መዝገቡን ረጋ ብሎ አየው። "መለወጥ ይቻላል" አለ። "ግን አሁን መ ካሉ ያለፉት አሥር ወራት መግለጫ ሐሰት ነበር ማለት ነው። በሐሰት ሠራተኛ ነኝ ብላ ፈርማ የገባችው እሷ ናት። የሚጠየቁት እርስዎ አይደሉም፤ እሷ ነች።" መዝገቡን ዘጋው። "እናቴ ቢሆኑ አያድርጉት እል ነበር።"

ማኅደር ከወንበሩ ለመነሣት ጊዜ ወሰደባት።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ረድኤትን አውቶቡስ ተራ ሸኘቻት። ሻንጣውን ማኅደር ተሸከመች፤ ሰው አየ፣ አላየ፣ ግድ አልሰጣትም። አውቶቡስ ተራው ሰው ሁሉ የሚሳሳምበት ቦታ ነው። እናት ልጇን፣ ጓደኛ ጓደኛዋን አቅፋ ታለቅሳለች። እነሱም ተቃቅፈው ቆሙ፣ ረጅም ጊዜ፤ ዞር ብሎ ያያቸው ማንም አልነበረም። ማኅደር ሃያ ሁለት ዓመት ያላለችውን ቃል በጆሮዋ ልትላት ፈለገች፤ የአውቶቡሱ ረዳት "አሰላ፣ አሰላ" እያለ አጠገባቸው ይጣራ ነበር። ረድኤት ወንበሯን ከሾፌሩ ጀርባ መረጠች። አውቶቡሱ ሲወጣ ወደ ኋላ አላየችም፤ እንደ ልማዷ መንገዱን ነበር የምታየው።

*

መልእክቱ የመጣው በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው። ከአሰላ ነበር። "ወይዘሮ ረድኤት ከምድብ ለ ወደ ምድብ ሀ ለመዛወር አመልክተዋል። የቀድሞ አሠሪ ምስክርነት ያስፈልጋል።" ቅጹ ግማሽ ገጽ ነበር።

ማኅደር የስፌት መኪናዋን ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ጥያቄ ሠራተኛዋ ሥራ የጀመረችበት ቀን ነበር። "ሐምሌ 2039" ብላ ጻፈች። ቅጹ ቀይ ሆነ፦ ቀኑ ከምዝገባው ጋር አይስማማም። እንደገና ጻፈችው። እንደገና ቀላ። በሦስተኛው "ጥቅምት 2061" አለች። ተቀበላት።

ጠባይዋ? "ምስጉን።" ታማኝነቷ? "ሙሉ።" የለቀቀችበት ምክንያት? ከሚመረጡት ውስጥ "በራሷ ፈቃድ" የሚል አለ። እሱን ነካች።

የመጨረሻው ጥያቄ፦ "ሠራተኛዋ ወደ እርስዎ ቤት ልመለስ ብትል ይቀበሏታል? አዎ ወይም አይ።"

ማኅደር "አዎ" አለች። ጣቷ ሳያመነታ ነበር። ወዲያው ከሥሩ ጽሑፍ ወጣ፦ "አዎ ካሉ የሥራ ውሉ እንዳልተቋረጠ ይቆጠራል። ሠራተኛዋ ለሁለት ዓመት ወደ ሌላ ምድብ መዛወር አትችልም። ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ የለም።"

ጽሑፉን ደጋግማ አነበበችው። ውጭ ልጆች በሠራችላቸው ዩኒፎርም ከትምህርት ቤት ይመለሱ ነበር፤ ጫጫታቸው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ማንን ትጠይቃለች? አቶ ዳግማዊን? ያፌትን? ረድኤትን ደውላ ልትጠይቅ አሰበች፤ በደንቡ ግን ስልኳ ለቀድሞ አሠሪዋ ክፍት የሚሆነው ዝውውሩ ካለቀ በኋላ ነው። ልጆቹ አልፈው ሰፈሩ ጸጥ እስኪል ተቀመጠች። ከዚያ "አይ" የሚለውን ነካች፤ ላከችው።

"ምስክርነትዎ ደርሷል" አለ ቅጹ። "ግልባጩ ሠራተኛዋ አንብባ እንድትፈርምበት ተልኳል።"

ማታውኑ የመዝገቡ መልስ መጣ። ዝውውሩ ጸድቋል። ከሥሩ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ሠራተኛዋ ግልባጩን የከፈተችበትና የፈረመችበት ሰዓት ተጽፎ ነበር። ግማሽ ገጽ ነው፤ አንድ ደቂቃ የሚያስነብብ። ረድኤት የከፈተችው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የፈረመችው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።